የሾላ ልጆች ጣሳ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ናቲ አዲስ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ገባና በሩ ላይ ቆሞ ደረቱን ነፋልኝ።

«እማማዬ፣ እስቲ አንብቢው!»

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ቢሆንም ትልልቅ ጽሑፍ አያቅተኝም። መነጽሬን አደረግሁና ጠጋ አልኩ። ከላይ «ሾላ» ይላል። መሐል ላይ ዛፍ ተሥሏል። ከዛፉ ሥር ደግሞ «ከአንድ ጣሳ የጠጡ» ተብሎ ተጽፏል።

ምሳ የበላሁት ሽሮ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«ምነው? አያምርም እንዴ?»

«ጨርቁ ያምራል» አልኩት።

እሱ ምን በወጣው፣ ደስታው ነው። ለካስ የሰፈሩ ወጣቶች የጥንቱን የሾላ ኳስ ቡድን የሚያስታውስ ውድድር ሊያደርጉ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ግርማ ነው፣ የባሻ ደግፌ ልጅ፤ እሱም አሁን ጡረታ ወጥቷል። ናቲ እየተቁነጠነጠ ነገረኝ። «አንቺ የካፒቴኑ እህት ስለሆንሽ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጪው። በሶ በትልቅ ጣሳ ይበጠበጣል። መጀመሪያ አንቺ ትቀምሻለሽ፣ ከዚያ ተጫዋቾቹ በየተራ ይጠጣሉ። እንደ ድሮው! የድሮ ሰው ፍቅር እኮ ሌላ ነው፣ እማማዬ!»

የድሮ ሰው ፍቅር። ያንን ጣሳ እኔ አውቀዋለሁ። የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ቀራንዮ ያኔ ገጠርም አይደል ከተማም አይደል። መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሱ ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ደግሞ የእኛ የጭቃ ቤቶች። ዛሬ ካፌ በካፌ የሆነው ቤቴል የገብስ ማሳ ነበር፤ በጥቅምት ነፋስ ሲነፍስበት እንደ ውኃ ይተኛል። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መርካቶ ገመድና ጆንያ ይነግዳል። እናቴ የቤቱን ሥራ ትይዛለች። ወንድሜ ሀብቴ፣ እኔ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው፣ ኳስ ይጫወታል።

ሜዳው ዳር ትልቅ ሾላ ነበረ። ፍሬው ሲበስል ይረግፍና ተጫዋቾቹ በእግራቸው ሲደፈጥጡት ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ ይሸታል። ቡድኑ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ያቋቋሙት ባሻ ደግፌ ናቸው። ውትድርና ላይ ኳስ አይቻለሁ ብለው፣ ጠጅ ቤታቸውን ለሚስታቸው ትተው፣ የሰፈሩን ጎረምሶች ሰበሰቡ። ኳሷ የቆዳ ናት፤ ሆዷ ውስጥ የሚነፋ የጎማ ካላማዳሪያ አላት፣ አፏ እንደ ጫማ በጠፍር ይታሰራል። ቆዳዋ እንዳይደርቅ ሞራ ይቀባታል። ሞራው ፀሐይ ሲመታው ይሸታል። ኳሷ በጭንቅላት ተመትታ ስትመለስ ግንባራቸው ላይ የሚቀረውን ቅባት ዛሬም ሳስበው ፊቴን በቀሚሴ እጠርጋለሁ።

ማልያው አቡጀዴ ነበር። የባሻ ሚስት በጋን ቀለም በጥብጠው ነክረው ቢጫ አደረጉት። ሲደርቅ እንደ ዶሮ ጫጩት ያበራ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ሰው ሁሉ ሊያየው ወጣ። መቼም ያ ቀን ባይመሽ ጥሩ ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ። በሳምንቱ ምንጩ በጎርፍ ደፍርሶ ንጹሕ ውኃ ጠፋና ማልያው ሳይታጠብ ለበሱት፤ አሁንም አሸነፉ። ማልያው የሚቀመጠው ወንድሜ ካፒቴን ስለሆነ እኛ ጓዳ ነው። እናቴ ሽታው አላስቆም ሲላት አንድ ቀን ሰበሰበችና በእንዶድ አጥባ ባሕር ዛፉ ላይ አሰጣችው። በዚያው እሑድ ተሸነፉ።

ባሻ ከሜዳው ቀጥታ እኛ በር ላይ መጡ። ጢማቸው ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉን? ገዳችንን አጥበው ለወንዝ ሰጡት!»

«እኔ ያጠብኩት እድፍ ነው፣ ባሻ» አለች እናቴ።

«እድፍ አይደለም! ገድ ነው! ከዛሬ በኋላ ይህን ማልያ ውኃ እንዳይነካው!»

«እንግዲያው ገዱን ይውሰዱና እርስዎ ቤት ይስቀሉት።»

ባሻ ትንሽ አሰቡ። «እኔ ቤት እንኳ አይሆንም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠጅ ቤት ነው፤ ደንበኛ ይሸሽብኛል።»

እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህን እየደገመች ትስቅ ነበር። ያኔ ግን አልሳቀችም። አባቴ «ተዪ፣ የልጆች ጨዋታ ነው» አላትና ማልያው ጓዳችን ውስጥ ገመድ ላይ ቀረ። ከመስቀል እስከ ፋሲካ ውኃ አልነካውም።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ብብቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ መሰለ፣ ኋላ እንደ ካርቶን ደረቀና ብቻውን መቆም ቻለ። ስፌቱ ውስጥ ቅማል ሠፈረበት። በዚያ ላይ ባሻ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ልጆቹን ያሰልፉና ካቲካላ ጎንጭተው «እትፍ! ቀንቷችሁ ግቡ! እትፍ!» እያሉ ደረታቸው ላይ ይረጫሉ። የመረቁት ምራቅም እንደ ላቡ እዚያው ይደርቃል። እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆጮ ነበራት፤ ጎረቤቶቻችን ቆጯችን ይሸታል እያሉ አፍንጫቸውን የሚይዙ ናቸው። አንድ ቀን ቆጮውን አውጥታ ደጅ ስታስቀምጥ ምነው ብዬ ጠየቅኋት። «ማልያው እንዳያገማብኝ ነው» አለችኝ።

ወደ ጣሳው ልምጣ። ዙሬ ዙሬ የምሸሸው እሱን ነው።

በየእሑዱ በሶ ተሸክሜ ሜዳ መውረድ የኔ ሥራ ነበር። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ የምንጭ ውኃ። ገና ጡት ማጎጥጎጥ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ከቤት ለመውጣት ሌላ ምክንያት ስለሌለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት የዘይት ቆርቆሮ ላይ ጆሮ ተበይዶ የተሠራ አንድ ትልቅ ጣሳ እሞላለሁ። ባሻ ሕግ አውጥተዋል፤ ቡድኑ አንድ ሰው ነው፣ የሚጠጣውም ከአንድ አፍ ነው። መጀመሪያ እሳቸው ይጠጣሉ፤ ጢማቸው እስኪነከር። ቀጥሎ ወንድሜ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ማንም አይጠርገውም፤ መጥረግ ጓደኛን መናቅ ነው። የአንዱ አፍንጫ ይፈሳል፣ የሌላው ከንፈር ተሰንጥቆ ይደማል፣ አንዱ ደግሞ አፉን ከጣሳው ሲያነሳ ልጋጉ እንደ ድር ይሳባል። እኔ ጣሳውን መልሼ ስቀበል በጣቶቼ ጫፍ ነበር። የአፉ ዙሪያ በጊዜ ብዛት ቡናማ ጠርዝ አውጥቶ ነበር፤ ያ ዝገት አልነበረም። ማጠብ? ከማልያው ጋር አንድ ገድ ነው ተባለ።

እንግዲህ ታደለ የመጣው እነዚህ ሰዎች መሐል ነው።

ታደለ የዘነበወርቅ ልጅ ነው። ያኔ ዘነበወርቅ ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። በሥጋ ደዌ የታመሙ ሰዎች ከየአገሩ ለሕክምና ይመጡና፣ ከዳኑም በኋላ ዘመድ አልቀበል ስለሚላቸው፣ እዚያው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይቀሩ ነበር። የታደለ እናት እትዬ አበበች ከነሱ አንዷ ናቸው። በሽታው ከቆመላቸው ቆይቷል፤ ጣቶቻቸውን ግን ወስዶባቸዋል። ታደለ ራሱ አንድም ነገር የለበትም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ አቧራ የማያስነሳ ልጅ ነበር።

ወንድሜ መስክ ላይ ሲጫወት አየውና ለባሻ ነገራቸው። ባሻም ወርደው አዩት። በባዶ እግሩ ታኬታ ያደረጉትን ሲያልፋቸው ሲያዩ ምራቃቸውን ዋጡ። ከዚያ እኔ እየሰማሁ ለወንድሜ እንዲህ አሉት።

«ይምጣ። እግሩን ነው የምንፈልገው፣ አፉን አይደለም። ማልያው እሱ ቤት ይደር። ኩባያውን ይዞ ይምጣ።»

በየእሑዱ ማልያውን ለብሶ፣ የቆርቆሮ ኩባያውን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ ከዘነበወርቅ ይመጣ ነበር። ኩባያዋን ለኔ ይሰጠኛል። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ከጠጡ በኋላ፣ ከሱ ኩባያ ወደ ጣሳው አንድ ጠብታ እንዳይመለስ ባሻ እየተቆጣጠሩኝ፣ ከፍ አድርጌ እቀዳለታለሁ። እሱ ዞር ብሎ ሾላው ግንድ ላይ ተደግፎ ብቻውን ይጠጣል።

ኩባያዋን ብታዩዋት! በአመድ ታሽታ መስተዋት ሆናለች። ማልያውም እንደዚያው። እናቱ በየሳምንቱ ያጥቡታልና ከመላው ቡድን ጫጩት የመሰለው ቢጫ እሱ ላይ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን አባቴ ገመድ አድርሺ ብሎ ልኮኝ ስመለስ ወንዝ ዳር አየኋቸው። ጣት የለም፤ ማልያውን ድንጋይ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ተረከዝ ያሹታል። የእንዶዱ አረፋ እስከ ክንዳቸው ደርሷል። ሲያዩኝ ቶሎ ብለው «የኔ ልጅ፣ በዚያ በኩል እለፊ፣ ውኃው ይረጭብሻል» አሉኝ። ውኃው የሚረጭበት ርቀት ላይ አልነበርኩም። እንዳላፍር ብለው መሸሻ ምክንያት ሰጡኝ እኮ!

ታደለ ከመጣ ወዲህ ማን ይቻላቸው? አሸነፉ፣ አሸነፉ፣ አሸነፉ። እኔም የልጅ ነገር ሆኖብኝ አንድ ማታ እራት ላይ ለወንድሜ አነሳሁበት።

«ወንድም ጋሼ፣ የታደለ ማልያ በየሳምንቱ ይታጠባል አይደል?»

«እና?»

«እና ገዱ ለምን አልሄደም?»

ወንድሜ ጎመኑን ጠቅልሎ ጎረሰና ረጅም ጊዜ አኘከ። «የሱ አይቆጠርም» አለ።

ጎሉ ይቆጠራል። ማልያው አይቆጠርም። እናቴ አየችው። ያ አስተያየቷ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ የተበላሸ ወተት ክዳን ከፍታ ስታሸት እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ሁዳዴ ገባ። ፀሐዩ የማይቻል ሆነ፤ የጅማ መንገድ አቧራ ከባሕር ዛፉ በላይ ይቆማል። አንድ እሑድ በሶውን ቀድቼ ስጨርስ ራሴን አዞረኝ። ውኃ ጥም ነው። ጣሳው አለ፣ ግን እንዴት ተብሎ። ባሻ ጀርባቸውን እስኪሰጡ ጠበቅሁና ከታደለ ኩባያ ጠጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ሜዳው ላይ ንጹሕ ነገር እሷ ብቻ ስለነበረች ነው።

ታደለ አየኝ። ደነገጠ።

«ምን ሆነሻል? ያዩሻል እኮ!»

«ይዩኝ። ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ መሆኑን እኔም አውቃለሁ» አለና ሳቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ አጠገቤ ሳይሆን፣ የሰው ቁመት ያህል ርቆ ቁጭ አለ። «ወንድምሽ ቃል ገብቶልኛል። ዋንጫውን ከወሰድን ከሁሉም ጋር ትጠጣለህ፣ ባሻም ቢሆኑ ያን ቀን እምቢ አይሉም ብሎኛል።»

«ከነሱ ጋር? ምን ያደርግልሃል?» አልኩና ወደ ጣሳው በአገጬ አመለከትኩ። «አታየውም?»

«አየዋለሁ። ለኔ አይደለም። እናቴ ማታ ማታ ስንት ለስንት ወጣችሁ ብላ አትጠይቀኝም። ‹ዛሬስ ከምን ጠጣህ?› ነው የምትለኝ። አንድ ቀን ‹ከነሱ ጋር› ማለት እፈልጋለሁ።»

መጠጣቴን አንዱ ተጫዋች አይቶ ኖሮ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ። እናቴ አፌን በሎሚና በጨው ፈተገችው። እየፈተገች ግን «ንጹሕ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነበር አልኳት። እጇ ላላ። «በይ ለአባትሽ ግን ፈትጋኛለች በይው» አለችኝ።

የዋንጫው ጨዋታ የዳግም ትንሣኤ ዕለት ነበር፣ ከወንዝ ማዶ ልጆች ጋር። ዋንጫውን የሰጡት አንድ የአካባቢው ባለርስት ናቸው፤ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ከሩቅ ብር የሚመስል። ሰው ባሕር ዛፍ ላይ ሳይቀር ተሰቅሎ ነበር። ስለ ጨዋታው እኔ ብዙ አላውቅም። የወንዝ ማዶ ልጆች አንድ አገቡ፣ እኛም አንድ መለስን፤ ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ታደለ ኳሷን ከመሐል ተቀብሎ ሮጠ። አንዱ ማልያውን ጎተተው፤ ከጀርባው ተተርትሮ ቀረ። እሱ ግን አልቆመም። በግራ እግሩ መታት። መረብ አልነበረንም፤ ኳሷ በእንጨቶቹ መሐል አልፋ ገብስ ማሳው ውስጥ ገባች።

ሜዳው ተደበላለቀ። ወንድሜ ከጎሉ ተነስቶ እየሮጠ መጣና ታደለን አቅፎ ወደ ላይ አነሳው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ አቀፈው። ያኔ ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለኝ።

ባሻ ከቤታቸው ጠጅ አስመጥተው ሾላው ሥር አስቀመጡ። ዋንጫውን ሞሉና እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እሳቸው ጠጡ። ከዚያ ወንድሜ፣ ከዚያ ሌሎቹ በየተራ። በዚያ ማልያ፣ በዚያ እጅ። ከግራ ቀኝ እየተገፋፉ ስለሚጠጡ ጠጁ በአገጫቸው ይወርድና ተመልሶ ዋንጫው ውስጥ ይንጠባጠባል። የታደለ ተራ ሲደርስ ባሻ ዋንጫውን አለፍ አደረጉና ወደኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ኩባያውን አምጪ።»

ከፍ አድርገው ቀዱለት። ታደለ ኩባያውን አልተቀበለኝም። ወንድሜን ነው ያየው።

«ሀብቴ?» አለ።

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። አንገቱ ቀላ። ቆይቶ ሄደና ዋንጫውን ከባሻ እጅ ወሰደ።

«ሀብቴ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ጎሉን ያገባው እሱ ነው፣ ባሻ።»

«እሱማ እሱ ነው።» ባሻ ጢማቸውን ጠራረጉ። «መልካም። ሁላችንም ስንጨርስ ይጠጣ። ነገ እኔ ዋንጫውን በፍም አስለበልበዋለሁ።»

«ባሻ፣ እሱንም አብረው ያስለብልቡት!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። በክፋት እንዳይመስላችሁ፤ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው፣ ግን ሳቀ።

ዋንጫው እንደገና ዞረ። ታደለ ቆሞ ጠበቀ። የመጨረሻው ሰው ጠጥቶ ሲጨርስ ወንድሜ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠው። የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ሁሉም የራሱን ደግነት እየተመለከተ ፈገግ ብሏል። ከዚያ ሁሉ ወራት ሽታ ይልቅ ያ ፈገግታ ነው የባሰብኝ።

ታደለ ዋንጫውን ወደ አፉ አስጠጋ። አጠገቡ ነበርኩና ውስጡን አየሁት። አንድ ጉንጭ የማይሞላ አተላ ነው። ሰም ይንሳፈፋል፣ ከእጃቸው የታጠበ ጭቃ አለ፣ አንድ የጢም ፀጉር ተጠምዝዞ ጠርዙ ላይ ተጣብቋል። ታደለ አሸተተው። የአፍንጫው ቀዳዳ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ። ቀስ ብሎ ከአፉ አራቀው።

«አልችልም» አለ።

«ምነው? ጠጣ እንጂ!» አለ ወንድሜ።

«ይቅርታ፣ ሀብቴ። ይቀፈኛል።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። አልተቆጣም። ምግብ ውስጥ ዝንብ ያየ እንግዳ የቤቱን ባለቤት ላለማሳፈር እንዴት ይናገራል? እንደዚያ ነው የተናገረው። ዋንጫውን ሣሩ ላይ እንዳይደፋ አድርጎ አስቀመጠ። የተተረተረውን ማልያ አወለቀ፤ ውስጡ ካናቴራ ነበረው። ማልያውን አጥፎ፣ እጥፋቱን በመዳፉ ዳምጦ፣ ለወንድሜ አስያዘው። «ከነዚያ ጋር አትስቀሏት» አለው። ከዚያ ኩባያውን ከኔ እጅ ወሰደ፤ ጠጁን ሾላው ሥር ደፋና በመጣበት መንገድ ሄደ።

ታደለ ሰፈሩን ዞሮ ሲጠፋ ባሻ ጮኹ። «ጥጋብ! ጥጋብ እኮ ነው! የማን ልጅ ሆኖ ነው እኛን የሚጸየፈው? እኛን!» ሌሎቹም ተቀበሉ። ምን ያልተባለ ነገር አለ? ስለ እናቱ የተባለውን አልናገረውም፤ አፌ ይቆሽሻል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ማልያውን ዝቅ ብሎ ያሸተተ የለም። ወንድሜ ብቻ፣ ሰው ያላየው መስሎት፣ የዋንጫውን አተላ ዞር ብሎ ሣር ላይ ደፋ። ተከትሎት ግን አልሄደም።

ማልያውን ሌላ ቦታ የለም ብሎ ከሌሎቹ ጋር ሰቀለው። በሚቀጥለው ዓመት ደጋግመው ተሸነፉ። ባሻ ምክንያቱን ወዲያው አወቁ፤ የታጠበ ማልያ ከማልያችን ጋር ስላደረ ነው አሉ። መጥተው ከገመዱ ላይ አወረዱትና ሜዳው ጥግ አቃጠሉት። በዚያ ጓዳ የነበረውን አንድ ንጹሕ ነገር። ሌላውን እንደተከበረ መልሰው ሰቀሉት። ለውጥ መጣ፣ ጎረምሶቹ ተበታተኑ፣ ባሻም ሞቱ። ያኔ እናቴ ማልያውን በእንጨት አንጠልጥላ አወጣችና ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። ለውሻ እንኳ አልጥለውም አለች። የሾላ ቡድን ታሪክ ይኸው ነው።

ታደለን ከብዙ ዓመት በኋላ አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። ግንበኛ ሆኗል፤ እጁ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። «የበሶዋ ልጅ!» ብሎ ጠራኝ። እናቱ አርፈዋል። ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ ተጫወትን። ታክሲው ሲመጣ አላስችል አለኝና ጠየቅሁት። «ያን ቀን ለእናትህ ምን አልካቸው?»

«እውነቱን ነዋ! ሰጡኝ፣ ግን ቀፈፈኝ አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

«ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች ‹እነሱ ቀፈፉህ? በል እስቲ ድገምልኝ!› እያለች አስደገመችኝ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

እሑድ ደረሰና ናቲ ክንዴን ደግፎ ሜዳ ወሰደኝ። ሾላው የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ እየተሠራ ነው። ወጣቶቹ ሁሉ ቢጫ ለብሰዋል፤ ደስ ይላሉ፣ እነሱን ምን እላቸዋለሁ? ግርማ ማይክራፎን ይዞ ስለ አባቱ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ አንድነት ተናገረ። የተጫዋቾቹን ስም በሙሉ ጠራ። የታደለን አልጠራም። የዋንጫዋን ጎል ወንድሜ እንዳገባት አድርጎ ሲያወራ ሰማሁት፤ በረኛውን!

ጣሳውን አመጡ። አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ግርማ ራሱ አቀረበልኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ይባርኩልን። ይቅመሱልን።»

ተቀብዬ አየሁት። በሶው ጥሩ ነበር፣ ውኃው ንጹሕ። እንደዚያም ሆኖ የምሳ ሽሮዬ ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

«አልችልም፣ ልጄ» አልኩት።

«ምነው እማማ? አመመዎት?»

«ይቀፈኛል።»

ማይክራፎኑ አፌ ሥር ነበርና ሜዳው ሁሉ ሰማ። ሳቁ። የአሮጊት ነገር መሰላቸው። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁና «ጎሏን ያገባት ታደለ ይባላል፣ የዘነበወርቅ ልጅ ነው፤ ከዚህ ጣሳ አልጠጣም» አልኩ። ግርማ ማይክራፎኑን ቀስ ብሎ ወሰደና ሙዚቃ አስከፈተ።

እኔ ሰው ማስቀየም አልወድም። መንገድ ላይ ሁሉ ሲከፋኝ መጣሁ። ቤት ስንገባ ናቲ ቁጭ ብሎ «ንገሪኝ» አለኝ። እስካሁን ያወራኋችሁን ነገርኩት። ስጨርስ ተነስቶ ወጣ። ቆይቼ ብወጣ ደጅ ባኞ ሞልቶ፣ ቲሸርቱን አውልቆ፣ በሳሙና ያሸዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጽሑፉን ላስለቅቀው ነው።»

«ኧረ ተው ልጄ፣ ይሄ የማተሚያ ነገር አይለቅም።»

አልሰማኝም። አሸው። አሸው። ጨርቁ ጠራ፤ ዛፉም ፊደሉም እንዳለ ቀረ። እኔም በርጩማዬን አስጠግቼ አንዱን ጫፍ ያዝኩለት። ጣቶቼ በሪህ አልታጠፍ ብለውኛልና በመዳፌ ተረከዝ ነበር የማሸው። ይህን ያስተዋልኩት እሱ ካየ በኋላ ነው፤ «እማማዬ፣ እንዴት ነው የምታሺው?» ብሎ እጄን ሲያይ። እትዬ አበበች ትዝ አሉኝ፤ ከዚህ ራቅ በይ፣ ይረጭብሻል ያሉኝ። አልራቅሁም። ውኃው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው።